እንጀራ የሌለበት ቤት

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲስተር ማህደር፣ ጎሬ

አሰላሙ ዐለይኩም ልበልሽና አንቺም እንደ ለመድሽው መልሽልኝ፤ በመሀላችን ያለውን አገር ሁሉ ሰላምታው ይሻገረው። በነሐሴ የጻፍሽው ደብዳቤ እጄ የገባው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። እኔ ደግሞ መልሱን ያዘገየሁት ማሾው ስለ ደረሰ ነው። ማሾ እንደ ሌላው ጥራጥሬ ቆሞ አይጠብቅም፤ አንድ ሳምንት ከተዘናጉበት ቅርፊቱ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ዘንድሮ አልሃምዱሊላህ ደህና ነው።

የቀድሞ ባልደረባሽ መሲ ከጤና ጣቢያው ካንቺ ጋር በስልክ ላገናኝዎት ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ጆሮውን እዚያው አስረክቦ ነው የሚወጣው። ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ለኔ ንብ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቀሰምኳት ፊደል ግን አልከዳችኝምና በወረቀት እንጫወት።

ሙሀባ እንጀራ ቀነሰች ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልቀነሰችም። አራት ዓመት የጓሮውን ክፍል ተከራይተሽ ስትኖሪ፣ ብቅ እያልሽ "እትዬ፣ ይህቺ ሦስተኛዋ ናት" ስትያት ትፈራሽ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሚቆጣት የለም። እኔን ማን ይፈራኛል? በመስከረም ስኳሯ ሲለካ ሦስት መቶ ሃያ ሆነ። ሐኪሙ ተቆጣ፤ ያዘዘውንም አዘዘ። ያዘዘውን እየወሰደች ነው፤ በሱ በኩል አታስቢ።

የቸገረን ምግቡ ነው። እንጀራውን ቀንሺ ስለ ተባለች ለብቻዋ በሰሃን ምስርና ጎመን አቀረብኩላት። እኔ በትሪው እንጀራዬን እበላለሁ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ በሰሃኗ ትበላለች። ሁለት ቀን እንዲህ በላን። በሦስተኛው ቀን ሰሃኗን አንስታ ጓዳ ገባች። ተከትያት ብሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትበላለች። ምነው ብላት፣ "ሰው ሲበላ እያየ የሚበላ ለማኝ ነው" አለችኝ። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ለየብቻ በልተን አናውቅም። እኔም እንጀራዬን ከድኜ ተነሣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ምን እንደሚበላ አንተያይም።

ስለዚህ ምክርሽን እፈልጋለሁ። እንጀራን የሚተካ ምን አለ? ሆድ የሚይዝ፣ በእጅ የሚጎረስ፣ በሮቢት ገበያ የሚገኝ ይሁን። በቁርስና በምሳ መሀል ስትራብስ ምን ልስጣት? ራባት ማለት ሙዝ ገዛች ማለት ነው። እኔ ነኝ የማበስለው፤ ወንድ አትችልም እንዳትይኝ።

የሠርግሽን ቀን ሳትነግሪን ቀረሽ። ሙሀባ ደብዳቤሽን ሳነብላት፣ ደህና ነን ትላለች እንጂ ማንና ማን እንደሆኑ አትልም አለች። ምን ልበላት?

ሱሌይማን

———

ጎሬ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሽ ሱሌይማን

ወዐለይኩም ሰላም ጋሼ። እርስዎም፣ እትዬ ሙሀባም፣ ከመንገዱ ማዶ ባለ ሱቋ ኢክራማም ደህና ናችሁ? እዚህ ዝናቡ ወር አይለይም። ከሮቢት ሙቀት የመጣ ሰው ልብሱ እስኪደርቅለት ሌላ ሳምንት ይገባል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። አራት ዓመት እትዬን ስቆጣቸው "ይህን ይተዉ" አልኩ እንጂ "ይህን ይብሉ" ብዬ አላውቅም። ሰሃን ይዘው ግድግዳ ዞሩ ያሉኝን ሳነብ አፈርኩ። ሌላው ቀርቶ ሰሃን ይለዩ ብዬ ለስንቱ በሽተኛ ተናግሬያለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም።

እንጀራ ጠላት አይደለም። የመዳፍ ስፋት ያህል ቁራሽ ይበሉ፤ የቀረውን ቦታ ሌላው ይሙላው። ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ይሁን። ሩቡ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋ። በእጅ የሚጎረስ ላሉኝ፣ ጥቅል ጎመን ይግዙ። ቅጠሉን ሳይቆራርጡ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው ያውጡት። ይለሰልሳል፤ ወጡን በሱ ጠቅልለው ይጎርሳሉ። የሽምብራ ዱቄት በእንቁላል ተመትቶ ምጣድ ላይ ቢወጣ እንደ ቂጣ ይቆረሳል። ከሁሉ የሚሻለውን ግን እርስዎ በኩንታል ለነጋዴ ይሸጡታል። ማሾውን በጨው ይቀቅሉት፣ ሳይፈርስ ያውጡት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈው ሎሚ ይጭመቁበት።

በመሀል ሲርባቸው አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ ወይም ለውዝ ይስጧቸው፤ ካልሆነም አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም ስኳር ያልገባበት እርጎ። ሙዙንና ብስኩቱን ኢክራማ እንዳትሸጥላቸው ይንገሯት።

እግራቸውን በየቀኑ ይዩላቸው። በጣቶቻቸው መሀል ቁስል አለ? የሚወስዱት የድሮውን ክኒን እንደሆነም ይጻፉልኝ።

ስለ ሠርጉ፣ ሥራ በዝቶ ቀኑ አልተቆረጠም። ደህና ነን።

አክባሪዎ ማህደር

———

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር

ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ይድረስሽ፤ ልብስሽን ያድርቅልሽ።

ጥቅል ጎመኑን እንዳልሽው ነከርኩት። የመጀመሪያ ቀን ውሃው ውስጥ ረስቼው ወጥቶ ሲዘረጋ እንደ ነጠላ ሆነ። ሙሀባ በሁለት እጇ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችውና፣ ይህ የሚጎረስ ነው ወይስ የሚለበስ ብላ ጠየቀችኝ። ከመስከረም ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። በማግስቱ አሳመርኩት። የሽምብራ ቂጣው ሁለት ጊዜ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ በሦስተኛው እሷ ራሷ ተነሥታ አሳየችኝ።

ማሾውን ግን ምን ልበልሽ። ሃያ ዓመት ያህል ዘርቼዋለሁ፣ አርሜዋለሁ፣ አበራይቼዋለሁ። ነጋዴው በጆንያ አስሮ ሲጭነው ወደ ውጭ አገር እንደሚሄድ ይነግረኝ ነበር። የሰው ምግብ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ቤት ድስት ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። በሎሚና በቃሪያ ሳቀርበው ሙሀባ አንድ ጉርሻ ቀመሰች። ሁለተኛውን እኔን አጎረሰችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የባዕድ ሆድ ስንሞላ ኖረናል ማለት ነው አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ወሰንኩ። እሷ የማትበላውን እኔም አልበላም አልኩ። አንቺ የመዳፍ ያህል ቁራሽ ብለሽ ነበር፤ እኔ ግን እሱንም ተውኩት። ትንሽ የቀመሰ ሰው ሙሉውን ይመኛል ብዬ ነው። አሁን እንጀራ እኛ ቤት አይገባም። አንድ ትሪ አለ፤ ላዩ ላይ ማሾ፣ ጎመን፣ እንቁላል። እሷ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች። ጎረቤት ይስቅብናል፤ ሱሌይማን እህል ሞልቶት ቅጠል ይበላል ይላሉ። እኔም ሱሪዬ ሰፍቶኝ በገመድ አስሬዋለሁ።

ስኳሯ መቶ ስልሳ ገባ፤ ባለፈው ሳምንት መቶ ሠላሳ ሆነ። እግሯን በየቀኑ አጥቤ አያለሁ፤ ቁስል የለም። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች።

ሙሀባ ሰላም ብላሻለች።

ሱሌይማን

———

ጎሬ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሱሌይማን

መቶ ሠላሳ የሚለውን ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤቴ እንግዳ የመጣብኝ መስሏት ይሆናል። እንኳን ደስ አላችሁ። ቁጥሩ እየወረደ ከሆነ በዚሁ ይቀጥሉ።

ማሾው እንዳይሰለቻችሁ አንድ ዘዴ ልጨምር። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ ከዚያ አጥልለው በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ቀን ይሸፍኑት። ነጭ ነጭ ጭራ ያወጣል። ታጥቦ ለብ ተደርጎ በሎሚና በጨው ይበላል፤ ለመክሰስ ጥሩ ነው። እዚህ ለእናቶች አስተምሬው አንዷ "የበቀለ እህል ለዘር ነው ለአፍ?" አለችኝ። የዚህ አገር ሰው ጎደሬና በቆሎ ይወዳል፤ እንደ እትዬ ሙሀባ የሚከራከረኝ ግን አላገኘሁም።

አንቺስ ምን ትበያለሽ ቢሉኝ፣ እንቁላል እቀቅልና ቆሜ እበላለሁ። ተቀምጦ ለመብላት ሁለት ሰው ያስፈልጋል መሰለኝ። አንዳንድ ቀን ሽምብራ በኪሴ ይዤ ዎርድ ለዎርድ ስዞር ምሳ ሰዓት ያልፋል።

እትዬን ይሳሙልኝ። እግራቸውን ማየቱን አይተዉ።

ማህደር

———

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማህደር

በጥር ወር ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኝ ሳልመልስ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሙሀባ ካራቆሬ ልጃችን ናጅዋ ዘንድ ናት። ደህና ናት። ግራ እጇ ተሰብሮ ወጌሻ አሽቶላታል፤ እየጠገነ ነው።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽው የምግብ ዝርዝር ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አንስቼዋለሁ። ለጊዜው ምክር አትጻፊልኝ። ቅር አይበልሽ።

ሱሌይማን

———

ጎሬ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሱሌይማን

ምክር አልጽፍም። ይህን ብቻ ግን ያንብቡልኝ።

የደረሰኝ ደብዳቤዎ ሁለት ጊዜ "ደህና" ይላል፤ ወረቀቱ ግን ደህና አልነበረም። መሲን ደወልኩላት። እትዬ ሙሀባ ከመስከረም ጀምሮ ክኒኑን ትተው ኢንሱሊን በመርፌ እንደሚወስዱ ነገረችኝ። በጥር አጋማሽ ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ራሳቸውን ስተው እንደ ወደቁና እጃቸው የተሰበረውም ያኔ እንደሆነ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አውጥቼ ከመጀመሪያው አነበብኳቸው።

ጋሼ፣ መርፌው ስኳሩን ያወርዳል፤ እህሉ ደግሞ ከሥር ይደግፈዋል። ክኒን ብቻ ይወስዳሉ ብዬ የጻፍኩት ምክር መርፌ ለሚወጉ ሰው አይሆንም። እንጀራውን ጭራሽ ተውነው ብለው ሲጽፉልኝ "በዚሁ ይቀጥሉ" ያልኩ እኔ ነኝ። ስለ እግራቸው በየደብዳቤው ጠይቄያለሁ፤ ስለ መድኃኒታቸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄ፣ ሳይመልሱልኝ ሲያልፉት አለፍኩት። በዚሁ ይቀጥሉ ብዬ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ያለው ሰው አይጠይቅም።

ለናጅዋም ደወልኩላት። ስሜን ስነግራት "አንቺ ነሽ እንጀራ ያስከለከልሻቸው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ዘጋችው። አልተቀየምኳትም።

መርፌውን ለምን እንደደበቁኝ አልጠይቅም፤ እኔም ደብቄያለሁ። ሠርግ የለም። ወደዚህ ዝውውር የጠየቅሁት መቱ ከሚሠራው ከፈለቀ ጋር ልንጋባ ነው ብዬ ነበር። እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ወር እሱ ሌላ ሴት አገባ። በነሐሴ ስጽፍላችሁ ይህ አልፎ ነበር። "ደህና ነን" ያልኩት እኔና ማን እንደሆንን እኔም አላውቅም። እትዬ ሙሀባ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ነቅተውብኛል።

መልስ ባይጽፉልኝም ይገባኛል።

ማህደር

———

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር

ረመዷን ከገባ አሥራ ስድስት ቀን ሆነ። ደብዳቤሽን ስምንት ቀን በደረት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ዛሬ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

የመርፌውን ነገር የደበቅሁት ሙሀባ አስምላኝ ነው። አንድ ቀን ጓሮ ተቀምጣችሁ፣ መርፌ ከምወጋ መቃብሬ ይቆፈር ብላሽ ነበር አሉ። ሐኪሙ መርፌ ሲያዝላት ያፈረችው ካንቺ ነው። ማህደር ከሰማች፣ እንዲህ እስክሆን ድረስ ያልሰማኋት መሆኔን ታውቃለች አለችኝ። ማቀዝቀዣ ያላት ኢክራማ ስለሆነች መድኃኒቱ እሷ ሱቅ ከለስላሳው ጋር ይቀመጥ ነበር፤ ጧት ጧት እኔ አመጣ ነበር። "መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች" ያልኩሽ ውሸት አልነበረም። እውነቱን ግን ቆርጬ ነው የሰጠሁሽ።

ስለ ወደቀችበት ቀን ማንም ያልነገረሽን እኔ ልንገርሽ። ያን ቀን ጧት መርፌዋን ተወግታ አንድ እፍኝ ማሾ ብቻ ቀመሰች፤ ሰልችቶኛል አለች። ሌላ የሚቆረስ ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም፤ እንጀራውን ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ረፋዱ ላይ ጓሮ ከማንጎው ሥር ጀርባዬን ለቤቱ ሰጥቼ የዘር ማሾ እለቅም ነበር። ከበሩ እስከኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ላብ በላብ ሆና፣ እየተንቀጠቀጠች፣ የበሩን መቃን ይዛ ጠራችኝ። ደጋግማ ጠራችኝ። ኢክራማ ከመንገዱ ማዶ ሰማች። እኔ ማሾዬን እለቅማለሁ።

እኔ ዞር ያልኩት ኢክራማ ትከሻዬን ይዛ ስትነቀንቀኝ ነው። ሙሀባ እጇ ከሥሯ ታጥፎ ወድቃለች። ኢክራማ ስኳር በጣቷ ድዷ ላይ አሸችላት፣ በባጃጅ ወሰድናት፣ ግሉኮስ ተሰጣት። ዓይኗን እስክትገልጥ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ንግግሯ ዘገምተኛ ነው፤ ድምፅዋም ቀጥኗል።

ናጅዋ መጥታ ዕቃዋን ስታስር ለምን ትወስጃታለሽ አልኳት። ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ እንድሰማት ብላ ሳይሆን መጮህ ስላልፈለገች ነው። "አባዬ፣ እማዬ ስትጠራ የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል።" ልክ ናት።

አንቺ ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልለሽ ወስደሻል። ድርሻዬን አትውሰጂብኝ። አንቺ ያልተነገረሽን አላወቅሽም፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

አዛኑን አልሰማም፤ ታውቂያለሽ። በየዓመቱ የማፍጠሪያው ሰዓት ሲደርስ ትከሻዬን የምትነካኝ እሷ ነበረች። ዘንድሮ በር ላይ ተቀምጬ የኢክራማ ቤተሰብ ቴምር ሲያነሣ አይቼ አነሣለሁ። ኢክራማ ሾርባ ትልክልኛለች። ሙሀባ ዘንድሮ አትጾምም፤ ሼኹም ሐኪሙም ከልክለዋታል፤ በምትኩ ናጅዋ ድሃ ታበላላታለች። እኔ ከማሾው ትንሽ እቀቅልና ግማሹን እተወዋለሁ።

የሰውየሽን ነገር ስሰማ አዘንኩ። ለሙሀባ አልነገርኳትም፤ ስትፈቅጂ እነግራታለሁ።

ሱሌይማን

———

ጎሬ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሱሌይማን

ለዒድ እንኳን አደረስዎት። ለእትዬ ይንገሩልኝ፤ ከሳቸው የምደብቀው የለም።

ድርሻዎን አልወስድም። የኔንም አልሰጥዎትም። እንዲህ ሆነን እንኑር።

ያዘዛቸውን ሐኪም ሳያማክሩ ምንም እንዳይለውጡ፣ ይህን ያህል ብቻ እጽፋለሁ። መርፌ የሚወጋ ሰው ምግብ አይዘልም፤ በየምግቡም ሐኪሙ የወሰነለትን ያህል እንጀራ ወይም ቂጣ ይበላል። ማሾውም፣ እንቁላሉም፣ ጎመኑም ከሱ ጎን እንጂ በሱ ፈንታ አይደሉም። ስኳር መውረድ ሲጀምር ሰውየው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ የሚናገረው ይጠፋዋል። እነዚህ ሁሉ የሚታዩ ናቸው ጋሼ። አንዳቸውንም ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም። ያኔ በቶሎ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፤ መዋጥ ካቃተው ግን ምንም አፉ ውስጥ ሳያፈሱ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ይህንኑ ለናጅዋም ጽፌ ልኬላታለሁ። አልመለሰችልኝም፤ ግን ደብዳቤው ተመልሶም አልመጣም።

ማህደር

———

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር

በሰላም አለሽ? የሙሀባ እጅ እንዴት ሆነ፣ ካራቆሬስ ይሄዳሉ ወይ ብለሽ በግንቦት ጽፈሽልኛል። የዘገየሁት የምጽፈው ነገር እስኪቋጭ ብዬ ነው። አሁን ተቋጭቷል።

ከዒድ በኋላ በየሳምንቱ በሚኒባስ ወደ ካራቆሬ እሄድ ነበር። የተቆላ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ የበቀለ ማሾ በቋጠሮ ይዤ። ናጅዋ በክብር ትቀበለኛለች፤ ባሏ ሱፍዋን ጥሩ ልጅ ነው፤ ሳሎን አስቀምጦ አብሮኝ ይበላል። ለናጅዋ የላክሽው ወረቀት ጓዳቸው በር ላይ ተለጥፎ አየሁት። ምንም አላልኳትም፤ እሷም ምንም አላለችኝም።

ምሳ ሲያልቅ ከሙሀባ ጋር ግቢ ውስጥ መደቡ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሷ በዚያች በቀጠነች ድምፅዋ አንድ ነገር ትላለች። እኔ ድሮም በግማሽ ነበር የምሰማት፤ አሁን ጭራሹን ምንም። ድገሚልኝ ማለት አሳፈረኝ። የጠራችኝ ቀን አልሰማሁም፤ ዛሬም አልሰማሁሽም ብዬ እንዴት ልንገራት? ስለዚህ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እሺ፣ እሺ እላታለሁ። ከዚያ የመመለሻው መኪና ሰዓት ይደርስና ቋጠሮዬን ባዶውን አጥፌ እነሣለሁ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ደክሟት ነው እል ነበር።

አምስት ሳምንት እንዲህ አደረግሁ። በስድስተኛው ስነሣ ልብሴን ያዘችኝ። በደህና እጇ ጎትታ ከፊቷ መሬት ላይ አስቀመጠችኝ፣ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ፊቷ አቀናችው። አንዳንዱን ቃል እየለየች፣ በዝግታ፣

"ምን አልኩህ?" አለች።

አልሰማሁም አልኳት።

"ያለፈውስ ሳምንት?"

አልሰማሁም። የዚያን በፊቱንም። አንዱንም አልሰማሁም ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አመንኩ።

አገጬን ሳትለቅ አየችኝ። ከዚያ፣ "መቼ ትወስደኛለህ ነበር የምልህ" አለች። "አንተ እሺ እሺ ትለኝና ትተኸኝ ትሄዳለህ።"

ማህደር፣ ይህን ከንፈሯ ላይ አየሁት፤ በጆሮዬ አልሰማሁትም። አምስት ሳምንት ሙሉ ወደ ቤቴ ውሰደኝ ስትለኝ እሺ እያልኩ ጥያት ስሄድ፣ ባሌ ታማሚ አልፈልግም ብሎ ነው ብላ ፊቷን ታዞር ነበር። እኔ ደግሞ እዚህ ባዶ ቤት ገብቼ፣ ከልጇ ዘንድ ተመችቷታል፣ እኔን ማየት ጠልታለች እያልኩ ተቀምጬ ነበር። ሁለታችንም ተትተን ነበር፤ የተወ ሰው ግን አልነበረም።

ናጅዋን ጠርቼ እናትሽን ልውሰዳት አልኳት። ማን ይሰማታል አለች፤ አሁንም በደግነት። ያኔ ሙሀባ ራሷ መለሰችላት። እኔ አፏን እያየሁ ነበርና ሙሉውን አገኘሁት። "አይሰማም። እንግዲህ ያየኛል።" ናጅዋ አለቀሰች፤ ከዚያ ልብሷን ማሰር ጀመረች።

ይኸው ግንቦት ሃያ ስድስት ቀን መጣች። አርባ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን በሩን ስናይ ኖርን፤ አላፊ አግዳሚውን አየን እንጂ ተያይተን አናውቅም ነበር። አሁን ትሪው መሀል ነው፣ እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ሐኪሙ የወሰነላት የእንጀራ ቁራሽ ከማሾው አጠገብ አለ። ስትጎርስ እጇን አያለሁ፤ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ግንባሯ ያልበው እንደሆነ። ከግራ ዓይኗ ሥር ትንሽ ጠባሳ አላት። ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋት። ከልጅነቴ ጀምሮ ነበረ አለችኝ።

ጓሮ ስሄድም ፊቴን ለቤቱ ሰጥቼ ነው የምሠራው። አንዳንዴ ከበሩ እጇን ታነሣለች፤ የምትፈልገው ነገር ኖሮ ሳይሆን ማየቴን ልታረጋግጥ ነው። እኔም አነሣለሁ።

ያንቺን ነገር ነገርኳት። ጎረቤቷ ሳቋን በግድግዳ ከሰማች፣ ማህደር ግድግዳውን ታንኳኳ፣ እንቁላሉን ሁለት ታድርገው ብላለች። ከሷ ጋር አልከራከርም። የጓሮው ክፍል ባዶውን ነው፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ሥራሽን ትተሽ ነይ ማለት አልችልም፤ ባዶ መሆኑን ብቻ እወቂው።

ክረምቱ እየመጣ ነው፤ የማሾው መሬት ገና አልታረሰም። ሌላም የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን ሙሀባ ከፊቴ ተቀምጣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ብዕሩን ላስቀምጥና ልያት።

ሱሌይማን